ሳይሸኙ የቀሩት

ስክሪኑ እንደገና ደረቀ። የካርድ ክፍሏ እትዬ ማውሱን ጠቅ ጠቅ አድርገው ተስፋ ሲቆርጡ በመስኮቱ ብቅ ብለው በጉሮሯቸው ወረፋ መጥራት ጀመሩ።

"ልጅሽ ዛሬም ምሳ ሳይደርስ ጠገበ" አሉ ወደ ፕሮግራመሯ ዞር ብለው።

ፕሮግራመሯ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ከካርድ መደርደሪያው ሥር ተቀምጣለች። የክሊኒኩን ወረፋ የሚጠራውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ጠዋት ቀልጠፍ ብሎ ይነሣል፤ እየዋለ ሲሄድ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ እየዋጠ ያብጥና ይደርቃል። ኃላፊው ዛሬ ካልተስተካከለ ስክሪኑን ነገ እንደሚያስነቅሉት ነግረዋታል።

ስልኳ ጠራ። የሥራ ሸሪኳ ነው።

"በየሰዓቱ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ አድርጊውና ነይ። ማን ያውቃል?"

"ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ያውቃላ። በጠፋ ቁጥር ተራው ይደባለቃል።"

"ከአንቺ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር ነው።"

ራሱን አጥፍቶ የሚያስነሣውን የኮድ መስመር ግን ለክፉ ቀን ብላ ጠዋት ጽፋው ነበር።

ዲበገሩን ከፈተች፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ሆዱን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ፕሮግራሙን አስነሥታ ሜሞሪው ውስጥ ያለውን ቀዳች። ሰዎች ከተጠሩ በኋላ ደግማ ቀዳችና ሁለቱን አስተያየች። ያበጠው የጥሪው ድምፅ መስሏት ነበር። አልነበረም። ታክመው የሄዱ ሰዎች አሁንም ሜሞሪው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ሳይሆኑ አንዳንዶቹ።

"እትዬ፣ ጠርተውት ያልመጣ ሰው ምን ያደርጉታል?"

"'ይቆይ' የምትለዋን ቁልፍ እጫናለሁ። ሲመጣ እንደገና እጠራዋለሁ፣ ይገባል።"

"ከገባስ በኋላ?"

"ከገባማ የሐኪሙ ነው። ምን ላድርገው፣ ልሸኘው?"

ፕሮግራመሯ የዚያችን ቁልፍ ኮድ ከፈተች። "ይቆይ"ን ስትጽፍ ያሰበችው አባቷን ነበር። ጆሮው ከብዶት ሲጠራ ሳይሰማ፣ ተራው ታልፎ፣ እንዲህ ያለ አግዳሚ ላይ ውሎ ሳይታከም ተመልሷል። እኔ በምጽፈው ማንም አይረሳም ብላ ነበር። እውነትም ማንም አልተረሳም። ይቆይ የተባለ ሁሉ ታክሞ፣ ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ ሳለ ፕሮግራሙ አሁንም እጁን አልለቀቀውም።

"የኔ ቤት እንግዳ አይሸኝም ለካ" አለች።

"ታዲያ ቢጨናነቅ ይፈረድበታል?"

ሰው ወደ ሐኪሙ ሲገባ ፕሮግራሙ እንዲለቀው አንድ መስመር ጨመረችና አስነሣችው።

ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ሲጠሩ አልሰሙም። እትዬ "ይቆይ"ን ተጫኑ። ዲበገሩ ላይ የሜሞሪውን መጠን የሚያሳየው መስመር ትንሽ ከፍ አለ። ቆይቶ ስክሪኑ እንደገና ጠራቸው፤ አጠገባቸው ያለው ሰው ነካ አደረጋቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። መስመሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። እስኪመሽም እንዲሁ ከፍ ዝቅ ሲል ዋለ እንጂ አላበጠም።

ከሸሪኳ መልእክት ገባ፦ "ራሱን እንዲያጠፋ አደረግሽው?"

ጠዋት ለክፉ ቀን የጻፈችውን መስመር ፈልጋ አገኘችው። ጥቂት አየችውና ሰረዘችው። ከዚያ ላፕቶፗን ዘግታ፣ የመጨረሻው ቁጥር እስኪጠራ አዛውንቱ ተነሥተው በሄዱበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።