ሚሚ ደኅና ናት

ሰብለወንጌል የመምህርነት ትምህርቷን ለመጨረስ የቀራት የማስተማር ልምምድ ብቻ ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ተመደበች። ዋልልኝ የሚባል የነርስነት ተማሪም የልጆቹን ጤና እንዲከታተል እዚያው ተልኮ ነበር።

ከክፍሉ ልጆች ሚሚ የምትባለው አሳሰበቻት። ጠዋት ገብታ ደብተሯን ሳትከፍት ራሷን ዴስኩ ላይ ትደፋለች። ሲጠሯት ቀና ትልና መልሳ ትደፋለች። በእረፍት ሰዓትም ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች እንጂ ከልጆች ጋር አትጫወትም። ሰብለወንጌል እጇን ይዛ ወደ ዋልልኝ ወሰደቻት።

ዋልልኝ ሙቀቷን ለካ፤ መዘናት፤ የዓይኗን ሽፋን ገልብጦ አየ፤ ሆዷን ዳበሰ። ትበላ እንደሆነ፣ ያስላት እንደሆነ ጠየቃት። ምንም አላገኘባትም።

«ልጅቱ ደኅና ናት» አለ።

ሰብለወንጌል ግራ ገባት። ይቺ ደኅና ከሆነች የታመመ ልጅ ምን ሊመስል ነው? ዋልልኝም የተማረውን ሁሉ ፈትሿል፤ ስላልተጫወተች ብቻ በሽተኛ ናት ማለት ከበደው። ሲከራከሩ ቆይተው ቤቷ ሄደው ለመጠየቅ ተስማሙ።

ቤት ያገኙት እናቷን ገነትን ነበር። ገነት ከዓረብ አገር የተመለሰችው ባለፈው ክረምት ነው። ስትሄድ ሚሚ ገና ጡት አልተወችም ነበር፤ ያሳደገቻት ጋፋት ያለችው አክስቷ ፈንታነሽ ናት። ገነት ስትመለስ ከተማ ቤት ተከራየችና ልጇን ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ስትገላበጥ እንደሚነጋባት፣ የራሷም ዓይን እንደማይከደን አጫወተቻቸው።

«ስሄድም ስመለስም መርምረውኛል፤ ሁለቴም ጤነኛ ነሽ ነው ያሉኝ» አለች። «እንቅልፍ ግን የለኝም። እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ልጠይቃችሁ፤ ይኼ ምን ይባላል?»

ሰብለወንጌል እየፈራች፣ ሚሚ ቅዳሜና እሑድን አክስቷ ዘንድ ብትውል ምናልባት ይሻላት እንደሆነ ተናገረች። ገነት እሺ አለች፤ ቅዳሜ ጠዋትም ልጇን በባጃጅ ወደ ጋፋት ላከቻት።

ሰኞ ሚሚ እየሮጠች መጣች። ጥያቄ መለሰች፤ ከልጆቹ ጋር ገመድ ዘለለች። ግን ትስላለች፤ አፍንጫዋም ይፈስሳል። ዋልልኝ ሙቀቷን ቢለካ ትኩሳት አላት።

«ታማለች፤ ቤቷ ትሂድ» አለ።

«ገና ዛሬ ዳነች ስል?» አለች ሰብለወንጌል።

ተያዩ። የቱ እንደተሳሳተ ለሁለቱም አልገባቸውም። ገነት ተጠርታ መጣችና የልጇን ግንባር ዳሰሰች። ሚሚ ሌላ ጊዜ ስትነካት ትሸሽ ነበር፤ ያን ቀን ግን፣ ትኩሳቱ አድክሟት ይሁን ሌላ፣ እናቷ ላይ ተደገፈች። ገነት መራመድም መቆምም ፈርታ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ዋልልኝ ትኩስ ነገር እንድታጠጣት ነገራት።

ትኩሳቱ ወዲያው ለቀቃት። ሚሚ ግን በየሳምንቱ ጋፋት እየሄደችም አንዳንድ ሰኞ ስትስቅ ትውላለች፣ አንዳንድ ሰኞ ራሷን ትደፋለች። ልምምዳቸው ሲያልቅ ሁለቱም የልጅቱን ነገር ምን ብለው እንደሚጠሩት አላወቁም ነበር። ገነት ግን ልጇን ለብቻዋ በባጃጅ መላኩን ትታለች። ቅዳሜ ሲሆን አብራት በእግር ወደ ጋፋት ትወርዳለች፤ ፈንታነሽም መደብ ላይ ለሦስት ታነጥፋለች።