ያልተጠጣ ውሃ

የወላጆችና የመምህራን ኅብረታችን ሊቀመንበር አናጺ ነበር። ሰፈሩ «ሚስማር» ይለዋል፤ አንድ ነገር ከያዘ በጉጠትም አይነቀልም ለማለት ነው። እኔ የስድስተኛ ክፍል መምህርትና የኅብረቱ ጸሐፊ ነኝ። የሆነውን ሁሉ ቃለ ጉባኤው ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። ያልጻፍኩትንም አውቀዋለሁ።

ስብሰባችን ሰኞ ሰኞ፣ ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ በእኔ ክፍል ነበር። ወላጆች ጉልበታቸውን አጣጥፈው የልጆቻቸው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ሰኞ አንዲት እናት እጇን አወጣች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች፤ ልጇ የእኔ ተማሪ ናት።

«እኔ ተኳሽ ነኝ፤ ዒላማ አልስትም፤ በአጭሩ ነው የምናገረው» አለች። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ልጄ ከዚህ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ሽንት ቤት ነው የምትሮጠው። ጠዋት የሞላሁላት ውሃ እንደሞላ ይመለሳል። 'ለምን አትጠጪም?' ስላት፣ 'ከጠጣሁማ ይመጣብኛል' አለችኝ። የሴቶቹ ሽንት ቤት በር የለውም አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። አራቱን በሮች ምስጥ በልቷቸው አንድ በአንድ ወድቀዋል። ልጃገረዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዱና አንዷ ለሌላዋ በሹራቧ ትከልላለች። ወንዶቹ ከአጥሩ ጥግ ጠጠር ይወረውራሉ። ስለዚህ አብዛኞቹ መሄዱን ትተውት ነበር። መጠጣቱንም ጭምር።

ሚስማር ከዴስኩ ተነሣ። «ይሄማ የእኔ ሥራ ነው። ጣውላው ሱቄ ውስጥ አለ። ቅዳሜ አራቱንም ገጥሜ አስረክባችኋለሁ።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። «ጋሼ፣ ያ ቤት እንዲፈርስ ተወስኗል። ያለ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ማንም እንዳይነካው የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ልጆቹስ?»

«በደብዳቤ እንጠይቅ። በሕጉ እንሂድ።»

ሚስማር ትንሽ አንገራገረና ተቀመጠ። እጅ አውጡ ተባለ። ከተኳሿ በስተቀር ሁላችንም አወጣን። እኔ ግን «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ፤ እንዲያ መጻፉ ቀለለኝ።

ከዚያ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ሚስማር ሥራውን እየፈታ ደብዳቤውን ራሱ ይዞ ይሄዳል። አንድ ቀን ባለሙያው መስክ ወጥቷል ይሉታል፤ ሌላ ቀን ማህተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ያለው ሰው የለም። በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። በሦስተኛው ላይ ወላጆች ሁሉ ፈረሙ። በሰባተኛው ሳምንት መልስ መጣ፤ «ጥያቄያችሁ ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይታያል» ይላል። ሚስማር አነበበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

እኔም የራሴ ጉድ አለብኝ። የመምህራኑ ሽንት ቤት በርም ቁልፍም አለው። መጀመሪያ ሰሞን ለሴት ተማሪዎቼ ቁልፉን በድብቅ እሰጥ ነበር። አንድ ባልደረባዬ አየችኝና፣ «ለአንዷ ከሰጠሽ ለሦስት መቶዎቹ ልትሰጪ ነው? እኛ የት እንግባ?» አለችኝ። ቁልፉን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ አቆየሁት። የተኳሿ ልጅ ሁለት ጊዜ መጥታ ፊቴ ቆማለች። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ምንም ሳትጠይቀኝ ተመለሰች።

አንድ ሐሙስ ልጅቷ ግንባሯን ዴስኩ ላይ አስደግፋ ቀረች። ብነካት እንደ እሳት ትፋጃለች። «ወገቤን ነው የኔ መምህርት» አለችኝ። ወደ ቤቷ ላክኋት። እናቷ ብርድ መስሏት ሁለት ቀን አስተኛቻት፤ ፈረቃዋን ትታ ብትቀር ሥራዋን ታጣለች። እሑድ ጠዋት ልጅቷ ሰው መለየት ሲያቅታት ተሸክማት ሆስፒታል ሮጠች።

ማክሰኞ ከሚስማር ጋር ሄድን። ኮሪደሩ ላይ ተኳሿ የልጇን ጫማ አቅፋ ቆማለች። አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ፣ ኢንፌክሽኑ ከፊኛዋ ወደ ኩላሊቷ ወጥቶ ደሟ ውስጥ መግባቱን ነገረን።

«ውሃ አትጠጣም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ሽንቷን ለረጅም ሰዓት ትይዝ ነበር?»

ማናችንም አልመለስንም። ሐኪሙ ዝም ማለታችንን እንደ አለመረዳት ቆጠረውና ጥያቄውን በቀላል ቃል ደገመው።

«ገብቶናል ልጄ» አለ ሚስማር።

ረቡዕ ከምሳ በፊት ሞተች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

በቀብሩ ማግስት ሚስማር ጋሪ እየገፋ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ጋሪው ላይ አራት አዳዲስ በሮች ተጭነዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲልግ አድሮ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ዳይሬክተሩ ወጣና መንገዱ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ፈቃድ እኮ የለንም።»

«ትናንት ስንቀብራት ፈቃድ የጠየቀን አለ?»

ዳይሬክተሩ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና የጋሪውን አንድ ጎን ያዘ። ጠዋቱን ሙሉ እሱ በሮቹን ደግፎ ይዞ፣ ሚስማርም ማጠፊያውን መቃኑ ላይ ሲመታ አረፈዱ። ልጃገረዶቹ በረድፍ ቆመው ያያሉ። ሚስማር የመጨረሻውን መቀርቀሪያ ዘግቶ ከፈተና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለኝ። «ጣውላው ሱቄ ውስጥ ነበር እኮ። ሰባት ሳምንት እየረገጥኩት ነው የወጣሁ የገባሁት። መግጠሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አየሽው አይደል? የግማሽ ቀን።»

ስለ ቁልፉ ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ሰኞ አርባ የምንሆን ወላጆችና መምህራን ደብዳቤ ሳንይዝ ጽሕፈት ቤቱ ሄድንና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ኃላፊው ወጥቶ፣ «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፤ ግን በሥርዓቱ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለ። አንዲት እናት፣ «ሦስት ጊዜ በሥርዓቱ መጥተናል፤ ሥርዓቱ ቤቱ አልነበረም» አለችው። እስከ ማታ አልተነሣንም። ለግቢው የቧንቧ ውሃ ይገባላችኋል፣ ሌላም ሽንት ቤት ይሠራል ብሎ ፈረመልን። ውሃው ገባ። ሽንት ቤቱ እስካሁን አልተሠራም።

ከወር በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሰዎች መጥተው አራቱን በሮች ፎቶ አንሥተው ሄዱ። በዓመቱ ሪፖርት ላይ በሮቹ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ሆነው ወጡ። ዳይሬክተሩ ያለ ፈቃድ ግንባታ አካሂዷል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበትና ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሚስማርን ማንም አልነካውም፤ ሊቀመንበርነቱን ራሱ ለቀቀ። አሁን ስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣል፤ ካልጠየቁት አይናገርም።

ለኅብረቱ ኮሚቴ ምርጫ ወላጆች የተሰበሰቡ ዕለት ተኳሿ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ግቢውን ረግጣ አታውቅም። ልታለቅስ ነው ብለን ስንጠብቅ እጇን አወጣች።

«ኮሚቴው ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ።»

አዲሱ ዳይሬክተር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ደንቡ እኮ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ነው የሚለው» አለኝ። በቀስታ ነው ያለው፤ ሁሉም ግን ሰማው። ሌላ ልጅ የላትም።

መዝገቡን ከፍቼ ወደ እሷ ሄድኩ። «እህቴ፣ የልጅ ስምና ክፍል በሚለው ላይ ምን ልጻፍ?»

«ስሟን ጻፊ» አለች። «ክፍል ስድስተኛ።»

ጻፍኩ። አንድም ሰው አልተቃወመም። በሙሉ ድምፅ ተመረጠች፤ በዚህኛው ጊዜ ሁሉንም እጅ አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ። እሷም የልጇ የነበረው ዴስክ ላይ ተቀመጠችና፣ «ከድልድዩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤትስ?» ብላ ጠየቀች። «የእነሱ በር አለው?»

እርስ በርሳችን ተያየን። የሚያውቅ አልነበረም።

«ነገ የማታ ፈረቃ ነኝ» አለች። «ጠዋት ሄጄ አያለሁ።»