የግራው ባሊስትራ

ሐጂ አብዲቃድር የወንድማቸውን ልጅ ከመሪው ላይ ለማንሣት የቆረጡት በአንድ ጀንበር አልነበረም። መጀመሪያ ወሬ ሰሙ፤ ቀጥሎ ተሳፋሪዎችን ጠየቁ፤ በመጨረሻም በመጪው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የላንድክሩዘራቸውን ቁልፍ ለሴት ልጃቸው ባል ለጦልሃ እንደሚያስረክቡ በቤተ ሰቡ ፊት ተናገሩ።

የወንድማቸው ልጅ አዩብ በዚያች መኪና ከድሬዳዋ ወደ ዋሂል መንደር ሰውና ዕቃ እያመላለሰ የሚኖር ሰው ነበር፤ ከእርሷ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። የቀረበበትም ክስ አንድ ነው፤ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ መንዳት ተስኖታል ይባላል። ወተት የምትነግደው ሃዎ መኪናዋ ወደ መንገዱ ጠርዝ ስታዘነብል አይታ ጄሪካኖቿን አስወርዳ በረሃ ላይ ቀርታለች። «ጫቱ ዓይኑን ወስዶታል» ብላ የተናገረችውም እርሷ ናት፤ ሰሚውም ሳይመረምር ተቀበላት።

አዩብ ግን መረመረ። በመጀመሪያ ጫቱን ተወ። ከሰዓት በኋላ ቦታ ይዘው የሚጠብቁት ጓደኞቹ «አቦ፣ ሼክ ሆንክብን እንዴ?» እያሉ ቢያላግጡበትም አልተመለሰም። መኪናዋ ግን ያለ ጫትም ወደ ቀኝ ማዘንበሏን አልተወችም። ከዚያ ወዲህ ራሱን ይጠራጠር ጀመር። በግቢው ቆሞ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና የግንቡን ጠርዝ በሌላው ይመለከታል፤ ቀጥሎም ያፈራርቃል። ግንቡ በሁለቱም ቀጥ ያለ ሆኖ ይታየዋል። ሆኖም ለዓይኑ ጤንነት የሚመሰክረው ያው ዓይኑ ስለ ሆነ ልቡ አላረፈም።

ቁልፉን ሊያስረክብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መኪናዋን ከደቻቱ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው ወደ አቶ ጢሞቴዎስ ጋራዥ ይዟት ሄደ። አቶ ጢሞቴዎስ በወጣትነታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሙያ የተማሩ፣ ከሐጂ አብዲቃድር ጋር በአንድ ሰፈር ያደጉ መካኒክ ናቸው። ሐጂም ምርመራው ያለ እርሳቸው እንዲፈጸም አልፈለጉምና በባጃጅ ተከትለው ደረሱ።

«ጢሞ፣ በከንቱ አትድከም» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «መኪናዋ ደኅና ናት። ከአረፋ በፊት ባሊስትራዋ ሥር ታኮ አስገብቼ ከፍ አስደርጌአታለሁ። የተጣመመው ነጂው ነው።»

«ከፍ ብላ ምን ልታይ ነው?»

«የዋሂልን ድንጋይ አታውቀውም? ሆዷን ፍቆ ጨረሳት።»

«ታዲያ ለምን እኔ ዘንድ አላመጣሃትም?»

«አንተማ ገና ኮፈኑን ሳትከፍት ሻይ ትላለህ፤ ሻዩ ሳያልቅ ጸሐይ ትጠልቃለች።»

አቶ ጢሞቴዎስ ሳቁ። ከመኪናዋ ሥር ግን አልገቡም፤ ክሪክም አላነሡም። ተራራው ላይ ደመና አለመኖሩን ቀና ብለው አዩና «ወደ አሸዋው እንውረድ» አሉ።

ይህ የቆየ አሠራራቸው ነበር። ደቻቱ ጎርፍ ካልመጣበት በቀር ደረቅ አሸዋ ነው፤ ያለፈበትን ጎማ ሁሉ ቅርጽ ይዞ ያስቀራል። ባቡር ሐዲድ አለውና የኋላ እግሩ የፊቱን በግድ ይከተላል፤ መኪና ግን የሚያስገድዳት ስለሌለ አመሏ የሚታወቀው በዱካዋ ነው ይላሉ።

«ማን ይንዳት?» አለ አዩብ።

«ሐጂ ይንዳት። እርሱን በጫት የከሰሰው የለም።»

ሐጂ አብዲቃድር ቅር እያላቸው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከወዲያ ማዶ ባለው ድልድይ ምሰሶ ላይ ተክለው፣ መሪውን አጥብቀው ይዘው፣ በዝግታ ነዱና ወረዱ። ሦስቱም ወደ ኋላ ተመለከቱ። ጤነኛ መኪና ሁለት መስመር ብቻ ትታ ታልፋለች፤ በአሸዋው ላይ የተሰመረው ግን አራት ነበር። የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ ለቅቀው ወደ ግራ ወጥተዋል።

አዩብ ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ አቶ ጢሞቴዎስ በዓይናቸው ከለከሉት። ሐጂ ጎንበስ ብለው ዱካውን ይከተሉ ጀመር። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በሐርላ የጠፋ ግመል እየፈለጉ ነው፤ አሁንም አካሄዳቸው እንደዚያው ነበር፤ ጥቂት ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ከጎን ያያሉ።

«ይህ የኋላ ግራ እግሩን የታመመ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዳሌው ወጥቷል። አባቴ እንዲህ ባለው ላይ አንድ ቁና እንኳ አይጭንም ነበር።»

ስለ መኪና እንደሚናገሩ ትዝ ያላቸው ይህን ካሉ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ጋራዡ ተመለሱ።

የመኪናዋ የኋላ ክፍል በክሪክ ተነሣ፤ ሻንሲዋ በድጋፍ ላይ ዐረፈ፤ ጎማዎቿም ተፈቱ። መኪናዋን ከፍ ለማድረግ የገባው ታኮ ጭነቱን በሚሸከመው ባሊስትራና ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኘው አክሰል መካከል የሚቀመጥ ጠንካራ ብረት ነው። ሦስቱንም አቅፈው የሚያስሩ ቆልማማ ቡሎኖች አሉ፤ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ ደግሞ በመሀል አንድ ቀጥ ያለ ቡሎን ይወጋቸዋል። በቀኝ በኩል ሁሉም እንደ ነበረ ነው። በግራ በኩል ግን ማሰሪያዎቹ በእጅ የሚዞሩ ሆነዋል፤ የመሀሉ ቡሎን ተቆርጧል፤ አክሰሉም በዚያ ወገን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል።

አቶ ጢሞቴዎስ የግራውን ታኮ አውጥተው ገለበጡት። ከአክሰሉ ጋር በሚገጥምበት ፊቱ ላይ ወፍራም አረንጓዴ ቀለም ተፈርፍሮ፣ ተጨማድዶ፣ እንደ እባብ ቆዳ ተልጦ ነበር።

«ይህ ከየት መጣ?» ብለው አዩብን ጠየቁት።

አዩብ ያውቃል። በዚያን ጊዜ ጣሳውን ይዞ የቆመው እርሱ ነበር። ለአረፋ ከተቀባው ከግቢያቸው በር የተረፈውን ቀለም ሐጂ ራሳቸው ይዘው ሄደው፣ «ራቁቱን የተተወ ብረት ይዝጋል» እያሉ፣ ሠሪዎቹ ከመግጠማቸው በፊት በገዛ እጃቸው ቀብተውታል። አሁን ይህን መናገር ብቻ ይበቃው ነበር። ነገር ግን የጋራዡ ሠራተኞች በሙሉ ቆመው ይሰማሉ። በሰው ፊት የአባቱን ወንድም ያዋረደ ሰው፣ ቁልፉ ቢመለስለት እንኳ፣ በዚያ ቤት የሚቀመጥበት ምንጣፍ እንደማይኖረው አሰበ።

«ሲሠራ የተቀባ ነው፣ ጋሼ» አለ።

«እርሱንማ አየሁት። ማን ቀባው?»

«እኔ» አሉ ሐጂ ከተቀመጡበት። «የበሩ ቀለም ተርፎኝ ነው።»

«ቀኙ ግን አልተቀባም።»

«አለቀብኝ።»

«እንኳን አለቀብህ» አሉ አቶ ጢሞቴዎስ። «ሁለቱንም ብትቀባቸው ኖሮ ዋሂል ለመድረስ ወደ ሐረር መንዳት ሊያስፈልግህ ነበር።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አቶ ጢሞቴዎስ ቀጠሉ፤ ብረት ከብረት ጋር የሚታሰረው ፊት ለፊት ሲነካካ ነው፤ ቀለሙ በጭነት ብዛት ተፈጭቶ ሲያልቅ የነበረበት ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ የመሀሉም ቡሎን ብቻውን ሸክሙን መቻል ያቅተዋል። ሐጂ አብዲቃድር እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ተነሥተው የነጭ ጀለቢያቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፣ ታኮውን ተቀበሉና በሽቦ ብሩሽ ይፍቁት ጀመር። ማንም አልከለከላቸውም።

አክሰሉ በክሪክ ተገፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። አዲስ ቡሎኖች ገቡ፤ በማፈራረቅ ጠበቁ፤ የሁለቱም ወገን ርቀት በሲባጎ ተለክቶ እኩል ሆነ። አቶ ጢሞቴዎስም ጭነት ከያዘች በኋላ ለዳግመኛ ማጥበቅ እንድትመለስ አዘዙ።

አዩብ ፍርዱን ይጠብቅ ነበር። ሐጂ እጃቸውን በጋዝ ታጥበው ወደ እርሱ መጡ።

«የመኪናዋን ጥፋት አየሁ» አሉ። «የሹፌሩን ገና አላየሁም። ወደ ዋሂል ውጣ፣ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

«እሺ፣ አዴር» አለ አዩብ፤ የአባቱን ወንድም እንደ ሶማሌዎቹ ነው የሚጠራው።

ከከተማው ወጥተው መንገዱ ሲገላለጥ መኪናዋ በድንገት ወደ ግራ ሄደች። ከፊት ይመጣ የነበረ አይሱዙ ጡሩንባውን አስጮኸ፤ አዩብ መለሳት። ጥቂት እንደ ሄዱ እንደገና ወደ መሀል መንገድ ገባች። አዩብ የተከሰሰበት ነገር በከሳሹ ፊት በእጁ እየተፈጸመ ነበር።

ምክንያቱ የገባው ከሁለተኛው በኋላ ነው። ወደ ቀኝ የምታዘነብል መኪና ለማቃናት ስንት ወር መሪውን ወደ ግራ ይዞ ኖሯል። አሁን መኪናዋ ቀንታለች፤ እጁ ግን እንደ ለመደው ይስባል። ይህን ሊያስረዳ ፈለገ፤ ሆኖም በአእምሮው ያቀናበረው ዐረፍተ ነገር ሁሉ ጥፋቱ የታወቀበት ሰው ማመካኛ መሰለው። ተወው።

ሐጂ አብዲቃድር መንገዱን ትተው የአዩብን እጆች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

«ጦልሃ» አሉ። «ነገ ለቁልፉ አትምጣ።» ወዲያኛው የሚለውን አዳመጡ። «ተሠርታለች፤ መኪናዋ ምንም የላትም። የቀረው የአዩብ እጅ ነው። እርሱንም ያጣመምሁት እኔ ነኝና እስኪቃና ድረስ አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። ዋሂል እስኪደርሱ ድረስ «ቀኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።