የሾፌር ወንበር፦ አይንቀሳቀስም

የኢንሹራንሱ ገማች ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ መስመር በመስመር እያሳየ አነበበልኝ። የመኪናችን ሻንሲ ታጥፏል። ለማቃናት የሚወጣው ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ ስለሚበልጥ ድርጅቱ አያስጠግናትም፤ ዋጋዋን ከፍሎ ፋይሉን ይዘጋል። ዋጋዋ ደግሞ፣ ዕድሜዋና ሁኔታዋ ታይቶ፣ መቶ ስድሳ ሁለት ሺህ ነው።

«ወጣት አይደለችም መቼም» አለ፣ ሊያጽናናኝ በሚመስል ድምፅ።

አይደለችም። አባቴ የገዛት እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ነው፤ ያኔም ሰው ነድቶ የጠገባት ነበረች። «እሜቴ» ይላት ነበር። ጠዋት አልነሳም ስትለው ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ «እሜቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስቀየመሽ?» ይላታል። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ከዚያ ወዲህ የምነዳት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ወር፣ የምሠራበት የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ በር ላይ አቁሜያት ሳለ፣ ዳገቱ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ፍሬኑ ለቆት ቁልቁል መጣና ከግንቡ ጋር አጣበቃት። ሰው አልተጎዳም። ያየኝ ሁሉ «እንኳን ውስጧ አልነበርሽ» አለኝ። እኔም እንኳን አልኩ።

ወንድሜ ለዚህ ቀን ሳምንት ሙሉ ሲያሠለጥነኝ ነበር የከረመው። ውሉ በእኔ ስም ሆኖ እንጂ እሱ ራሱ በመጣ ነበር። ድምፄ ስለማይሰማ ቤት ውስጥ «ሹክሹክታ» ነው የሚለኝ። «መጀመሪያ የሚሉሽን ዋጋ እንዳትቀበይ» አለኝ። «ዝም በይ። ዝም ማለቱን እንደሆነ ተክነሽበታል። ከዚያ ወረቀትሽን አውጪ።»

ወረቀቴን አወጣሁ። የሦስት ተመሳሳይ መኪናዎች የሽያጭ ማስታወቂያ ነበር። ከዚያ ደግሞ አባቴ የጥገናዋን ታሪክ የጻፈበት ሰማያዊ ደብተር፤ ዘይት፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ከነቀኑ ከነኪሎሜትሩ፣ ወደ ቀኝ በሚያዘነብለው ጽሑፉ። ገማቹ ገጾቹን ቀስ እያለ ገለጠ። አንዱ ላይ ቆመና ፈገግ አለ።

«ራዲያተር ተለወጠ። እሜቴ ተደስታለች» ብሎ አነበበ።

«አባቴ ነው የጻፈው» አልኩ።

«እንዲህ ያለ ባለንብረት ቢበዛልን።» ሂሳብ ማስያውን ወደ ራሱ ሳበና ሲነካካ ቆየ። «መቶ ዘጠና አንድ። ከዚህ በላይ እንዳልሄድ እነዚህ ተቀናሾች ያዙኝ።»

ተቀናሾቹ አራት ነበሩ። የተሰነጠቀ የኋላ መብራት፣ የማይሠራ ራዲዮ፣ የተላጠ ቀለም። አራተኛው «የሾፌር ወንበር፦ አይንቀሳቀስም» ይላል፤ ሰባት ሺህ።

ፊቴ ጋለ። መኪናዋ ስትመረመር ያቺን መስመር ያስጻፈው ወንድሜ ነው። ውሸቱ ግን የእኔ ነው።

ወንበሩ ይንቀሳቀሳል። አባቴ ረጅም ነበር፤ እኔ አጭር ነኝ። ልነዳት የገባሁ ዕለት እግሬ ፍሪሲዮኑ ጋ አልደርስ አለ። ማንሻው ከወንበሩ ሥር ነው። እሱን ሳብ አድርጎ ወደ ፊት መንሸራተት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ልብሶቹ ተሰጥተው አልቀዋል። መነጽሩን እማዬ የት እንደደበቀችው አላውቅም። እሱ እንደተወው የቀረ ነገር ቢኖር በዚያ ወንበርና በመሪው መካከል ያለው ቦታ ብቻ ነበር። በማግስቱ ከእማዬ አልጋ ሁለት ትራስ አምጥቼ ጀርባዬ ላይ ደገፍኩ። ወንድሜ አየኝና «ምነው፣ አራስ ሆንሽ እንዴ?» አለ። «ወንበሩ ዝጎ ተጣብቋል» አልኩት። እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነዳሁ።

ወደዚህ ቢሮ ስመጣም ለማንም ያልነገርኩት ሐሳብ ነበረኝ። ባለንብረቱ ከፈለገ የተሰባበረችውን መኪና ለራሱ ማስቀረት እንደሚችል ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ከካሳው ይቀነስበታል እንጂ ማንም አይከለክለውም። ግቢያችን ውስጥ የምትቆምበት ቦታ ባዶውን ነው። ባትነሳም ትቁም፤ ወንበሩ እንዳለ ይቁም ብዬ ነበር።

ገማቹ እስክሪብቶውን አራተኛው መስመር ላይ እንዳደረገ ይጠብቀኛል። ዝም ብል ሰባት ሺህ ይቀራል፣ ወንድሜም ምንም አያውቅም። ግን ውሸቴ በማሽን ተጽፎ ከአባቴ ደብተር አጠገብ ተቀምጧል። አባቴ እዚያ ደብተር ላይ ያልሆነ ነገር ጽፎ አያውቅም።

«ይንቀሳቀሳል» አልኩ።

«አቤት?»

«ወንበሩ። ይንቀሳቀሳል። በስህተት ነው የተጻፈው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው፤ አሁኑኑ እናጣራዋለን» አለና የተጎዱ መኪናዎች ወደሚቀመጡበት ግቢ ደወለ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጋሼ፣ ያቺ ግራጫዋ ጋ ሄደው የሾፌሩን ወንበር ይሞክሩልኝ እስቲ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም።»

«ቆየኝ» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

ጠጠር ላይ የሚሄድ ጫማ ተሰማ። ከዚያ የበሯ ሲጥታ፤ ከመቶ በር ለይቼ የማውቀው ነው። «ተዉት» የምትለዋ ቃል አፌ ውስጥ ነበረች። አንድ ቃል ነች። እስክትወጣ ጠበቅኳት።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቀጥሎ ረጅም መንሸራተት።

«ምን ሆነ ብላችሁ ነው?» አለ ሽማግሌው። «ዘይት እንደጠጣ ነው የሚሄደው።»

ገማቹ ለእኔ ብሎ ደስ አለው። «ይኸው ሰባት ሺህ አስመለስን። መቶ ዘጠና ስምንት ሺህ። ስብርባሪዋን ይወስዷታል ወይስ ለድርጅቱ ይተዋሉ?»

«መጀመሪያ ልያት» አልኩ።

ሁለቱ ምርጫዎች ያሉበትን ቅጽ ሰጠኝ። እዚያው ግቢ ሞልቼ ለጠባቂው ልተውለት እንደምችል ነገረኝ። ግቢው ከቢሮው ጀርባ ነው። ጠባቂው አጠር ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የቁልፍ ዘለላ ወገባቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ወደ መኪናዋ ሲወስዱኝ የፊቷን ግማሽ ላለማየት በሌላው ጎን ዞርኩ። ወንበሩ መሪው ሥር ድረስ ተጠግቷል። ትራሶቹ ኋላ ወድቀዋል።

«ጋሼ፣ ከመንካትዎ በፊት ስንተኛው ላይ ነበር?»

«ምኑ?»

«ወንበሩ።»

አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ ይህን ደግሞ ማን ይቆጥራል?»

እውነታቸውን ነው። እኔም ቆጥሬው አላውቅም። አለመንካት ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር። ቆሜ ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሀዲድ አየሁት፤ ጥርሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ምናልባት ሦስቴ ቀጭ ያለው ወደ ኋላ ሲገፋ ነው፤ ምናልባትም ወደ ፊት። ዓይኔ ምንም አልነግርሽ ሲለኝ የኋለኛውን በር ከፍቼ ከሾፌሩ ጀርባ ገባሁ።

ይህ የእኔ ቦታ ነበር። እማዬ ወንበሯን ወደ ፊት አስጠግታ ስለምትቀመጥ ወንድሜ ገና በመጀመሪያው ቀን ከእሷ ጀርባ ያለውን ሰፊውን ያዘ። እኔ አልተከራከርኩም፣ ጠባቡ የእኔ ሆኖ ቀረ። ጉልበቴ የአባቴን ወንበር ጀርባ ነካ ያደርጋል። ነካ ብቻ፣ አይጫነኝም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይም፣ ሃያ ዓመቴ ላይም እንደዚያው ነበር።

«ወደ ኋላ ይግፉልኝ» አልኳቸው። «ቀስ ብለው፣ አንድ አንድ። በቃ እስከምል።»

ምንም ሳይጠይቁ አጎነበሱ። ቀጭ። የወንበሩ ጀርባ ገና ሩቅ ነው። ቀጭ። ቀጭ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጭ። ጉልበቴን ነካ አደረገኝ።

«በቃ!»

ግቢው ውስጥ ያስተጋባው የእኔ ድምፅ ነበር። ወንድሜ ቢሰማኝ አያምንም።

ዓይኔን ስገልጥ የራስ መደገፊያው እዚያው ነው፣ ጭንቅላቱ ያወየበው ቦታም እዚያው። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑን የማገኘው ከዚህ ነበር። አሁን መስታወቱ ዞሮ ሰማይ ያሳያል።

«እዚህ ላይ ነው?» አሉ ጠባቂው ሀዲዱን እየዳሰሱ። «ወደ ኋላ ገና ሦስት ጥርስ ይቀረዋል እኮ። ሰውየው አጭር ነበሩ?»

«ረጅም ነበር።»

«ረጅም ሰውማ እዚህ ላይ አይመቸውም።» መዳፋቸውን በወንበሩና በመሪው መካከል ዘርግተው ለኩ። «ጉልበቱ ከዚህ ብረት ጋር ሲጋጭ ነው የሚውለው።»

ረጅም መንገድ ሄደን ስንደርስ አባቴ በሩን ይዞ ይቆምና ቀኝ ጉልበቱን ያሸው ነበር። «እርጅና መጣች» ይላል፣ እኛም እንስቃለን። ያኔ አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔ ሳድግ ጉልበቴ ለምን ከነካ እንዳላለፈ ጠይቄ አላውቅም። ወንበሩን መቼ መቼ ወደ መሪው አስጠግቶት ይሆን? እኛ ሳንነሳ፣ ማለዳ ሞተሯን ሊያሞቅ ሲወጣ መሆን አለበት። ቀጭታውን አንድም ቀን አልሰማሁም። ከሁላችን ጠባቡን ቦታ ችዬ ዝም ያልኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ሽማግሌው በሩን ትተውልኝ ፈንጠር ብለው ቆሙ።

ስወጣ ቅጹን ጣሪያዋ ላይ ዘርግቼ ሞላሁት። ቤት ብወስዳት ያንን ወንበር ሰው እንዳይነካብኝ ስጠብቅ ልኖር ነው። አሁን ቢነኩትም ቦታውን አውቀዋለሁ። «ለድርጅቱ ትቻለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ፤ ትራሶቹን አነሳሁ።

«ወንበሩን ወደ ፊት ልመልሰው?» አሉ ጠባቂው። «ነገ ጎትተው ሊወስዷት ይመጣሉ።»

«እስከ ነገ እዚሁ ይሁን» አልኩ። «የሚነዳት ሰው ረጅም ነው።»

እሺ አሉ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ገጠሙት።

ወደ ቤት የሄድኩት በአውቶቡስ ነው፣ ትራሶቹን ታቅፌ። ፊቴ ያለው ወንበር ጉልበቴን ክፉኛ ይጫነኝ ነበር። እሱ ወለሉ ላይ የተበየደ ነው፤ ለማንም አይንቀሳቀስም።