በስሟ ላይ የተጎተተ ማሲንቆ

ሸዋአየሁ ከድምፁ በፊት ያወቀችው ትንፋሹን ነው።

የእህቷ ልጅ ፍሬሰላም ጎንደር ፒያሳ ካለው የጫማ ሱቋ ውስጥ ዱካ ላይ አስቀምጣት፣ "እቴቴ፣ እስቲ ይችን ስሚ። ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ" ብላ ስልኩን አቀበለቻት። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ጥቁር ነው። ከጥቁሩ ውስጥ አንዲት ሴት አየር ሳበች፣ ዳገት እንደጨረሰች በቅሎ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ። ሸዋአየሁ ያን ትንፋሽ የት ቆማ እንደሳበችው ታውቃለች። እግሯ ሥር የነበረውን ትኩስ አፈር ታውቃለች። ቀጥሎ ጉም ታየ፣ በጉሙ ውስጥ የኮሶዬ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከመንገዱ ላይ ነጭ ማኪና፣ ከማኪናዋ መስኮት ላይ ግንባሯን ያስደገፈች ቆንጆ ልጅ። ያኔ ድምፁ መጣ።

*…ልጄ ሆይ ምነው ቀደምሽኝ፣*
*ያራስ አልጋ ባነጥፍ አፈር አስነጠፍሽኝ።*

"ስሟስ?" አለች ሸዋአየሁ። "ስሟ የት ሄደ?"

ፍሬሰላም እንደገና ከፈተችው። "ዝማሬ" ከሚለው የልጇ ስም ላይ ሲደርስ ማሲንቆ ይጎተታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረዘም ተደርጎ። ማሲንቆው ሲያበቃ "ልጄ ሆይ" ይቀጥላል። ለማያውቅ ሰው ሸጋ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሴትዮዋና ማሲንቆው ተነጋግረው ያለቀሱ ይመስላል።

"የፊልም መክፈቻ ነው" አለች ፍሬሰላም ወደ ጫማዎቹ እያየች። "ቅዳሜ ይመረቃል። ለማስታወቂያ ብለው መጀመሪያውን ለቀውታል። ባጃጁ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚያስጮኸው።"

ሸዋአየሁ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ኮሶዬ ላይ ሴት ነጠላዋን እንዲህ የምታስረው ለለቅሶ ወይም ለጠብ ነው።

"ቤታቸው የት ነው?" አለች።

የፊልም ሰዎቹን ታውቃቸዋለች። ባለፈው ዓመት መስቀል እንዳለፈ ኮሶዬ ድረስ መጥተው ነበር። አዘጋጁ ዕንባቆም የሚሉት መነጽራም፣ አብሮት ደግሞ ድምፅ የሚቀዳው ወንዴ፣ የጎረቤቷ የአያ አዘዘ ልጅ። "ከአገሩ አልቃሽ ሁሉ እርስዎን መረጥን፤ ሙሾ ያውርዱልን" አሏት።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እማማ፣ ለፊልም ነው።"

"እንግዲያው ሲሞትባችሁ ጥሩኝ" ብላ ሸኘቻቸው። ዝማሬ ያን ዕለት ከእልፍኝ ሆና በሳቅ ሞታለች። "እማዬ፣ ፊልም ላይ ወጥተሽ ሙሾ ብታወርጂ ምን ነበረበት?" ስትላት ሸዋአየሁ ተቆጣች። ላልሞተ ሰው ሙሾ አይወርድም። ሙሾ እንደ ዘፈን ወደ ሰማይ ወጥቶ አይጠፋም፤ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ ነው አልቃሽ አስቀድማ የሟቹን ስም የምትጠራው። ባለቤቱን ስታሳየው፣ ሌላ ቤት እንዳይሄድ።

ዝማሬ በየካቲት ምጥ ያዛት። መንገዱ የተዘጋበት ሰሞን ነበር። በቃሬዛ አውርደዋት፣ ጎንደር ሳትደርስ፣ ከመንገዱ ዳር ልጁም እሷም አለፉ።

ባገሩ ደንብ የሟች እናት ሙሾ አታወርድም፤ ትያዛለች፣ ሌላ ታለቅስላታለች። ከዳባት አንዲት አልቃሽ አምጥተው ነበር። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ዝማሬን አታውቃትም፣ ለሁሉ የሚባለውን አለች። ሸዋአየሁ የያዟትን እጆች ጥላ ተነሣች። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ አየር ሳበችና ስሟን ጠራች። ለሰው ሁሉ ሙሾ ያወረደችበትን አፏን ለልጇ የከፈተችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ለቅሶ ሲጠሯት ሄዳ ትቀመጣለች እንጂ ድምፅ አታወጣም።

ወንዴ ከለቀስተኛው ጋር ነበር። ጋቢ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ። ከሬሳው ሥር ቆሟል፣ ከቤቷ ንፍሮ ቆርጥሟል፣ "እግዜር ያጥናሽ" ብሎ እጇን ጨብጧል። ለካ መቅጃው ጋቢው ውስጥ ነበር።

የፊልም ሰዎቹ ቢሮ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ነው። ግድግዳው በጥቁር ስፖንጅ ስለተለበጠ ውስጥ ሲገቡ የራስ ድምፅ ታፍኖ ይቀራል። ዕንባቆም ከትልቁ ስክሪን ፊት፣ ወንዴ ከጎኑ ተቀምጠዋል። በፊልሙ ላይ የማኪናዋ ልጅ የሆነችው ኤልሳም ሶፋ ላይ ሻይ ይዛ አለች። ወንዴ በሩ ላይ ማን እንደቆመ ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ፤ የሚሄድበት ግን አልነበረውም።

"ተቀመጥ" አለችው ሸዋአየሁ። "ንፍሮዬ ተስማምቶሃል?"

"እማማ…"

"ጋቢ ውስጥ ምን ይዘህ ነበር? እኛ ባገራችን ለቅሶ ቤት እንባ ይዞ ነው የሚመጣ።"

ዕንባቆም ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም። በትሕትና ጀመረ። ቤተሰቡን ማስፈቀድ እንደነበረባቸው፣ ስሟን መጨረሻ ላይ በትልቁ እንደሚጽፉት፣ የመጀመሪያው ትኬት የእሷ እንደሆነ ተናገረ። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፦ "አውጡት።"

"እሺ፣ ቆይ ላሳይዎት" አለ በመጨረሻ። "ሰው ፊልም በዓይኑ የሚያይ ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚገባው ግን በጆሮው ነው። ይዩት።"

ድምፁን ዘግቶ ምስሉን ለቀቀው። ጉም፣ መንገድ፣ ማኪና፣ ልጅ። ወደ ደባርቅ የምትሄድ ተሳፋሪ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረችም። "አዩ? ምንም የለም። መንገድ ነው። አሁን ደግሞ…" ድምፁን ከፈተው።

በስልክ እንደሰማችው አልነበረም። ከትልልቆቹ ስፒከሮች የወጣው ትንፋሽ ደረቷን ገፋት። ከድምፁ ጀርባ ሌላም ተሰማት፦ የዶማ ኳኳታ፣ የሴቶች ሳግ፣ ወንድሟ ማንያዘዋል "ያዟት! ያዟት!" ሲል። እስከዛሬ "ያዟት" መባሉን አታውቅም ነበር። ስክሪኑ ላይ ያች የዘወትር መንገድ ሌላ ሆነች። ጉሙ ከበደ፣ ማኪናዋ የምትወጣ ሳይሆን የምታመልጥ መሰለች፣ ልጅቷ የምታስበው ነገር ሁሉ ሞት ሆነ። ማሲንቆው ደግሞ የዝማሬ ስም ላይ መጣና ተቀመጠበት።

"ይኸውና" አለ ዕንባቆም፣ ዓይኖቹ አብርተው። "እኔ ጋ አሥር ሙዚቀኛ ቢሰበሰብ ይህን አይሠራም። አገር ሁሉ ለልጅዎ እያለቀሰላት ነው።"

"ለማን?"

"ለልጅዎ።"

"ማን ትባላለች?"

ዕንባቆም ወደ ወንዴ ዞረ። ስሟን አያውቀውም።

የሸዋአየሁ ድምፅ ያን ጊዜ ነው ከፍ ያለው። "ስሟን ሳያውቅ የሚያለቅስላት አገር እንደምን ያለ አገር ነው? በምጥ ታማ የሄደችበትን መንገድ ማኪና ነዳችሁበት። እሺ፣ መንገድ የሁሉ ነው። ድምፄን ሰረቃችሁ። እሺ፣ ሌባ ሞልቷል። ስሟን ምን አደረጋችሁት? ምን አደረገቻችሁ?"

"ለክብሯ ብዬ ነው!" አለ ወንዴ፤ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። "ስሟ በየስልኩ፣ በየጠጅ ቤቱ እንዳይጠራ ብዬ ሸፈንሁት። ስሙ ከሌለ የማንም አይሆንም ብዬ…"

"የማንም አይሆንም?" ወደ እሱ ተጠጋች። "አንተ የአያ አዘዘ ልጅ፣ ኮሶዬ ተወልደህ፣ ስም የሌለው ሙሾ የት እንደሚሄድ አታውቅም? እሱስ የከተማ ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። አንተ ምን ነካህ? ከፊቱ ያገኘው ላይ አይደለም የሚያርፍ?"

በጣቷ ስክሪኑን አመለከተች። ምስሉ የቆመው የኤልሳ ፊት ላይ ነበር።

ኤልሳ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"እናቴ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይህ ከወጣ ጀምሮ ስልክ አታነሣልኝም። ቆላ ድባ፣ ቤቷ ድረስ ሰው ልኬ ነበር። 'ማቅ ለብሳ ተቀምጣለች' አለኝ። ፊልም በመሥራቴ የተቆጣች መስሎኝ…" ቀና ብላ ሸዋአየሁን አየቻት። "እማማ፣ ማቁን ለእኔ ነው የለበሰችው?"

ልጅቷ በዕድሜ ከዝማሬ ብትበልጥ አንድ ዓመት ነው። "አንቺ ምን አጠፋሽ" አለቻት ሸዋአየሁ።

"ዕንባቆም፣ አውጣው" አለች ኤልሳ።

"አንቺም ጀመርሽ? የተማርሽ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ሙሾ ሰው ይገድላል ብለሽ ነው?"

"ይግደል አይግደል አላውቅም። እናቴ ቁሜ እያለሁ ማቅ ለብሳለች። ካላወጣኸው ቅዳሜ መድረክ ላይ አታየኝም። በየግድግዳው የለጠፍኸው ፊት የእኔ ነው፤ አንተው ወጥተህ ሰላም በላቸው።"

ዕንባቆም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሙዚቃ ከየት ላመጣ ነው? ሰው ምን ሊሰማ ይግባ?"

"ይህን እኔን ምን ትጠይቀኛለህ" አለች ሸዋአየሁ።

ዕንባቆም በእጁ ምልክት ሲሰጠው ወንዴ የሸዋአየሁን ድምፅ ከስክሪኑ ሥር ካለው መስመር ላይ አነሣ። አረንጓዴ ጭረት ሆኖ ይታይ ነበር፤ ጠፋ። የማሲንቆውም ጠፋ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ "ዋናው፣ ስሟ ያለበት አለ። ልስጥዎት?" አላት።

ይህን አላሰበችውም ነበር። የዶማው ድምፅ፣ የማንያዘዋል "ያዟት"፣ ስሟ። ያን ድምፅ ዳግም እንደማታወጣው ታውቃለች።

"አጥፋው" አለችው። "ከአንተ እጅ ምንም አልቀበልም።"

ቅዳሜ ከሰዓት የፊልሙ አዳራሽ ሞላ። ፍሬሰላም "ምነው እቴቴ፣ ይቅርብሽ" ብትላትም፣ ሸዋአየሁ በዓይኗ ካላየች አላመነችም። መሐል ላይ ተቀመጡ። መብራቱ ጠፋ። ጥቁር መጣ።

ትንፋሽ የለም። ጉሙ ታየ፣ መንገዱ፣ ማኪናዋ። ዕንባቆም ሌላ ሙዚቃ አላገኘም፤ የሞተር ጉርምርምታና የንፋስ ሽውታ ብቻ ነው የተወው። ኤልሳ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ታያለች፤ ምን እንደምታይ፣ ምን እንደምታስብ የሚናገር የለም። ሰው በስልኩ የሚያውቀውን ጠብቆ ነበር፤ ወንበሮች ይንቋቁ ጀመር።

"ድምፅ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ድምፁን ክፈቱት እንጂ!"

ፉጨት መጣ። ሌላው ሳቀ። "ድምፅ! ድምፅ!" አዳራሹ በጭብጨባ አጀበው፤ እንደ ኳስ ሜዳ። መንገዱ አላልቅ አለ። ሸዋአየሁ እያንዳንዱን መታጠፊያ ታውቀዋለች፤ የዝማሬን ቃሬዛ ያስቀመጡበት ከሦስተኛው መታጠፊያ አለፍ ብሎ ነው። ማኪናዋ እዚያ ስትደርስ ከኋላዋ ያለው ጎረምሳ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ፤ ፉጨቱ ጆሮዋ ሥር ገባ።

ዞረች። "ዝም በል!"

"ምነው እማማ፣ ድምፁ ጠፍቶ እኮ ነው።"

"ድምፁ የእኔ ነው" አለችው። "አላመጣሁትም።"

ጎረምሳው ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው ጣቱን ጭንቅላቱ አጠገብ አሽከረከረ። ሁለቱም ሳቁ። ስክሪኑ ላይ መንገዱ አለቀ፣ አንድ ሰው በር ከፈተ፣ ሰዎች መነጋገር ጀመሩ፣ አዳራሹም "እሰይ!" ብሎ አጨበጨበ።

ሸዋአየሁ የሰዎችን ጉልበት እየገፋች ወጣች። ውጭ ፀሐይ ነው። በሩ ላይ የቆመ ባጃጅ በሩን ከፍቶ ያንኑ ከነማሲንቆው ያስጮሃል፤ ሾፌሩ መሪውን በጣቱ እየመታ ይከተለዋል።

"ዝጋው" አለችው።

"ወዴት ነዎት እማማ? ይግቡ።"

"መጀመሪያ ዝጋው።"

ሾፌሩ ፊቷን አየና ዘጋው። አልገባችም። ነጠላዋን ከወገቧ ሳትፈታ፣ ወደ ኮሶዬ ማኪና መያዣው በእግሯ ሄደች፤ ገና አሥር እርምጃ ሳትርቅ ሾፌሩ ከኋላዋ መልሶ ከፈተው።