የጢርቢጦ ትርጉም

የእህቴ ባል ማውራት ሲጀምር አያድርስ ነው! ቤተሰቡ "ሊቁ" ይለዋል። ሊቅነቱ ይቅርና የበላበትን ማንኪያ እንኳ አጥቦ አያውቅም። እኔ ግን ሆቴል ውስጥ ሹካና ማንኪያ ሳጥብ ነው ያረጀሁት፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ማንም አፉን አይክፈትብኝ።

አባባ ብረት በያጅ ነበር። ቀኝ እጁ ሽባ የሆነበት ዓመት፣ አንድ ማንኪያ በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ በግራ እጁ ሞረደው። ጫፉ ላይ ሦስት ጥርስ አወጣለት፣ ጎኑን እንደ ቢላ ሳለው። እኛ "የበሽተኛ ማንኪያ" ማለት ሳንጀምር ቀደመንና "ስሙ ጢርቢጦ ነው" አለን። ከየት አመጣኸው ስንለው "ከአፌ!" ብሎ ሳቀ። ታሪኩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ሊቁ እሁድ ምሳ ላይ ቃሉን ሲሰማ ዓይኑ በራ። "አባባ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱኝ" ብሎ ይዞት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አባባ በሌላ ማንኪያ ሞከረ፣ ሩዙ ደረቱ ላይ ተደፋ። እህቴ ላጉርስህ ስትለው አፉን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አምስት ቀን ሙሉ በሻይ ብቻ ሰነበተ።

በአምስተኛው ቀን ሽርጤን ሳልፈታ ሊቁ ንግግር ወደሚያደርግበት አዳራሽ ሄድኩ። ከረባቱ አንቆት መድረክ ላይ ቆሟል፤ ጢርቢጦ መስታወት ሳጥን ውስጥ ተጋድሟል። "ጢር" ዙፋን፣ "ቢጦ" ድርሻ ነው ይላል። የአባባን የሞረድ ጭረት ደግሞ የጥንት ጽሕፈት ነው ብሎት እርፍ! ምሁር ተብዬዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፋሉ። ወይ ጉድ! ፊደል ቆጥሮ እንዲህ መደንቆርም አለ ለካ።

ሳጥኑን ከፍቼ ማንኪያውን አነሳሁ።

"ኧረ በፈጠረሽ አታዋርጂኝ" አለኝ ሊቁ በሹክሹክታ። "ትርጉሙን ገና አልጨረስኩም።"

"እኔ ልጨርስልህ" አልኩት ጮክ ብዬ። "'ተዉኝ፣ ራሴ እበላለሁ' ማለት ነው። የሚስትህ አባት እህል ከቀመሰ አምስት ቀኑ ነው። እናንተም ይህንን ጻፉት!"

አንድም እስክሪብቶ አልተንቀሳቀሰም።

ቤት እንደገባሁ ጢርቢጦን አባባ ግራ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሲበላ መታየት ስለማይወድ እኔና እህቴ ጀርባችንን ሰጥተን ሳህን እናጥብ ጀመር። ማንኪያው ሳህኑን ሲፍቅ ይሰማናል። እህቴ አለቀሰች፣ እኔም ሳላለቅስ አልቀረሁም።

"ያ ቀባጣሪ ምን ነው አላቸው?" አለ አባባ አፉ ሞልቶ።

"የዙፋን ድርሻ።"

"ይሄ ደነዝ!" አለ። "ሩዝ ጨምሪልኝ።"