ከድምፅ የዘገየች ጥይት

ሊዮና ከድምፅ ዘግይተው ያለ ጩኸት የሚሄዱትን ወፍራም ጥይቶች ጫፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ትቀባለች፤ ከድምፅ ቀድመው ከሚበሩት ጯሂዎች ጋር እንዳይደባለቁባት ነው። ባዝራዋ አምና በተኩስ ደንግጣ አስወርዳለች። ዘንድሮም ከብዳ፣ የዱር አሳማ ከሚቆፍረው የኦቾሎኒ ማሳ አጠገብ ትግጣለች።

«ጥይት ልትድሪ ነው እንዴ?» አላት ባሏ ዌይድ። «ቀጭኗ አትበቃም?»

«ቀጭን ጥይት በዝግታ ከሄደ አሳማውን አቁስሎ ይሰደዋል። በፍጥነት ያጣውን በክብደት ይካስ እንጂ፣ የኔ ጌታ!»

ሊነጋጋ ሲል የቴክሳስ ጉም ማሳውን ወተት አስመስሎት ነበር። ተኮሰች። ከጠብመንጃው አፈሙዝ ላይ ከተገጠመው ድምፅ ማፈኛ የተኛ ሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ወጣ። አሳማው እንቅልፍ እንደ ጣለው ሁሉ ተንበርክኮ ጉሙ ውስጥ ሰመጠ። ባዝራዋ ጆሮዋን አንዴ አነቃንቃ ግጦሿን ቀጠለች።

ሊዮና ቤት ገብታ ጠብመንጃውን ወለወለችና መስቀያው ላይ ሰቀለችው።